የሐጃ ሳፊያ ፓምፕና የጋሽ መኮንን ጉድጓድ

ሥራ ያቆምኩት በጉልበቴ ምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት ከካርቱም ወጣ ብሎ ባለ አንድ እርሻ ላይ ጉድጓድ አፍ ተንበርክኬ ኬብል ሳወርድ ቆየሁና ልነሳ ብል አቃተኝ። የባለቤቱ ሚስትና ምራቷ ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው አነሱኝ። ምራቲቱ “ማአሌሽ ያ ኻልቲ” እያለች ጉልበቴን በውሃ አሸችልኝ። አክስቴ ማለቷ ነው። እኔ ለራሴ ገና ሠራተኛ ነበርኩ፤ ለሷ ግን አሮጊት ነኝ። ቤቴ ስመለስ ቱታዬን አጥቤ አሰጣሁ፤ ሲደርቅ አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ ወዲህ አልለበስኩትም።

የአገሬ ሴቶች ሲያገኙኝ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ከወሎ መጥታ እንደ ሁላችንም ሰው ቤት የገባች ሴት እንዴት ፓምፕ ሠሪ ሆነች? መልሱ ብሎን ነው።

በመተማ በኩል ተሻግሬ ካርቱም ስደርስ ያገኘሁት ሥራ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ሐጅ ዑስማን የሚባሉ ነጋዴ ቤት ነበር። ከላይ ቤታቸው፣ ከታች ሱቃቸው ነው። ሱቁ የናፍጣ ፓምፕና መለዋወጫ ይሸጥ ነበር። እኔ ላይ ቤት ምግብ ሠርቼ፣ አጥቤ፣ ጠርጌ ስጨርስ ከሰዓት በኋላ ወርጄ የሱቁን ወለል አጥባለሁ። ከጠረጴዛው ሥር የተደባለቀ ብሎንና ዳዶ የሞላባቸው ሦስት ጣሳዎች ነበሩ። ባየኋቸው ቁጥር ያሳክከኝ ነበር። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሁሉንም በየመጠኑ ለየኋቸውና በየጣሳው አስገባኋቸው። በማግስቱ የሱቁ ባለሙያ ኡስታ ኢድሪስ ጣሳዎቹን አይተው ማን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቁ። የምባረር መስሎኝ እጄን በሻርፔ ውስጥ ደበቅሁ። እሳቸው ግን ቁጥር ማንበብ እችል እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ። እችላለሁ አልኩ።

“ቁጥር ይበቃል” አሉ።

ኡስታ ኢድሪስ ከካርቱም ደቡብ፣ የካላክላ ሰፈር ሰው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጀላብያቸው ሁልጊዜ ንጹህ፣ ጥፍራቸው ሥር ግን የማይለቅ ዘይት ያለበት። ሐጅ ዑስማንን ለምነው ጠዋት ጠዋት ከሳቸው ጋር ወደ እርሻ እንድወጣ አስደረጉ። ለሐጅ ዑስማን የነገሯቸው ምክንያት ብልህነቴን የሚያነሳ አልነበረም። ብዙ እርሻ ላይ ወንዶቹ ለሥራ ስለሚሄዱ ቤት የሚገኙት ሴቶች ናቸው፤ ሴቶቹ ደግሞ ለእንግዳ ወንድ ወጥተው አያወሩም። ስንት ባልዲ ውሃ በቀን እንደሚያስፈልግ የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው። “አንቺ ትገቢና ትጠይቂልኛለሽ” አሉኝ። መጀመሪያ ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ግቢ ገብቶ መጠየቅ። ስለ ፍየሎቹ፣ ስለ ልብስ አጠባው፣ ስለ ልጆቹ ብዛት። ደሞዜ ከቤት ሠራተኛነቱ ብዙም አልጨመረም፤ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ግን ሐጅ ዑስማን በስማቸው አሳደሱልኝ፤ ከሻ፣ የፖሊስ አፈሳ፣ በወጣ ቁጥር ከመደበቅ ዳንኩ።

ኡስታ ኢድሪስ እርሻ ሲደርሱ የሚያደርጉት ነገር አይለወጥም። በመጀመሪያ ከጉድጓዱ ውሃ ያስቀዱና ይጎነጫሉ። አፋቸው ውስጥ አሽከርክረው ጨው እንዳለው ካዩ በኋላ ይውጡታል ወይም ይተፉታል። ከዚያ ከናንተ ሌላ ከዚህ የሚጠጣ ማነው ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ ገመዳቸውን ያወጣሉ። ጫፉ ላይ ትልቅ ብሎን የታሰረበት፣ በየክንዱ የተቋጠረ ገመድ ነው። ቀስ እያሉ ያወርዱታል፤ ብሎኑ ውሃ ሲነካ ጧ ይላል። ቋጠሮውን ይቆጥሩና መንገድ ላይ በወደቀ የሲጋራ ባኮ ጀርባ በእርሳስ ይጽፋሉ፤ እሳቸው ሲጋራ አያጨሱም፣ ባኮው ግን ወረቀቱ ጠንካራ ስለሆነ ይወዱታል።

ከዚያ ነው ዋናው። ያለውን ፓምፕ ያስነሱና እስከ ዙሁር ሶላት ድረስ ሳያቋርጡ ያስጎትቱታል። ያጠፉና እንደገና ይለካሉ። ከዚያ ጄሪካን ገልብጠው ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጣሉ። ውሃው ተመልሶ እስኪሞላ ድረስ እዚያው ናቸው፤ በየጊዜው ገመዱን ያወርዳሉ፣ ይጽፋሉ። አንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። አንዳንዱ እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት አይመለስም። አንዳንዱ እስከ ማግስቱ። ገበሬው ይሰለቻል፣ ሐጅ ዑስማን ደውለው ይቆጣሉ። ኡስታ ኢድሪስ ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው ይይዙና “ውሃው ገና አልነገረኝም” ብለው ይዘጉታል። ከዚያ በፊት ስለ ዕቃ ዋጋ አንድ ቃል አይናገሩም።

የኬብል ቅጥያ ሲሠሩ ደግሞ ከአጠገባቸው ሰው እንዲያወራ አይፈልጉም። ላስቲኩን በቢላ ሲልጡ መዳቡን አይጭሩትም። ያጣምራሉ፣ ይበይዳሉ፣ ሙጫ ያፈሱበታል፣ በናስትሮ ሁለት ጊዜ ይጠቀልሉታል። ከዚያ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይነክሩትና ለማግስቱ ይተዉታል። በማግስቱ በቴስተር ፈትሸው ጤነኛ ከሆነ ብቻ ጉድጓድ ይገባል። አምስት ዓመት ያህል አይቼ አይቼ ነው አንድ ቅጥያ ብቻዬን እንድሠራ የፈቀዱልኝ። እሱንም ባልዲው ውስጥ ሦስት ቀን አቆዩት።

ሶላር ሲመጣ ኡስታ ኢድሪስ አልወደዱትም ነበር። ናፍጣ እየጠፋ፣ በርሜል ይዞ ማደያ በር ላይ ማደር የገበሬው ሥራ ሆኖ ነበርና ሐጅ ዑስማን ፓኔል አስመጡ። የመጀመሪያውን የተከልነው ጀሪፍ፣ ወንዙ ዳር አትክልት ለሚያለሙ ባልና ሚስት ነው። እዚያ ሥራ ላይ ነው የተማርኩት ትልቅ ነገር። የናፍጣውን ሞተር አጥፍተህ ትሠራለህ፤ ፀሐይ ግን ማጥፊያ የላትም። ፓኔሎቹን በተከታታይ ስቀጥል ሁለቱን ጫፎች አቀራረብኳቸውና እሳት ከጣቴ ላይ ዘለለ። ጓንቴ ተቃጠለ። ኡስታ ኢድሪስ ከቤት ብርድ ልብስ አስመጡና ፓኔሎቹን ሸፈኗቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልሸፍን አልቀጥልም። ደግሞ ፓኔሎቹን ከፍ አድርገን እንስቀል ስል እሳቸው ዝቅ አስደረጓቸው፤ ሴትየዋ መሰላል ሳትወጣ በጠዋት አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ እንድትጠርግ ነው። በጠዋት መሆን አለበት፤ መስተዋቱ ከጋለ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ካገኘው ይሰነጠቃል።

የጀሪፉ ሥራ አልቆ ውሃው ያለ ሞተር ድምፅ ሲወርድ ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ቆመው ይጮሁ ነበር። ዓመታት ሙሉ በሞተሩ ጩኸት ውስጥ ሲያወሩ ኖረው ዝቅ ብሎ ማውራት ረስተዋል። ሴትየዋ ድንገት የራሷን ድምፅ ሰማችና አፏን በተከናነበችው ቶብ ሸፍና ሳቀች። ያን ቀን ሥራዬን የወደድኩትን ያህል ከዚያ በኋላም ከዚያ በፊትም አልወደድኩትም።

ከዚያ በኋላ ብዙ እርሻ ሠራን። ከጊዜ በኋላ የላይ ቤቱን ማብሰል ሌላ ሴት ተረከበችኝ፤ እኔ ካላክላ ቤት ተከራየሁና ቱታ ለባሽ ሆኜ ቀረሁ። ገበሬዎቹ መጀመሪያ “ሐበሺያዋ” ይሉኝ ነበር፤ በኋላ ለቀልድ “ባሽሙሀንዲሳ” ማለት ጀመሩ፤ ኢንጂነሯ እንደማለት ነው። ቀልድ መሆኑን እያወቅሁም ደስ ይለኝ ነበር። ይኼን አልደብቅም፤ የሚቀጥለው ነገር የመጣው ከዚያ ደስታ ነውና።

ኡስታ ኢድሪስ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ቀዶ ጥገና ገቡ። ሐኪሙ ለጥቂት ወራት አቧራ እንዳይነካቸው አዘዘ። በዚሁ ጊዜ አንድ የዕርዳታ ማኅበር አነስተኛ እርሻ ላላቸው ሰዎች የሶላር ፓምፕ ወጪያቸውን ግማሽ እሸፍናለሁ አለ፤ ሥራው ግን በወሩ ውስጥ ማለቅ ነበረበት። ሐጅ ዑስማን ዝርዝሩን ይዘው መጡና ከኡስታ ኢድሪስ ውጭ ብቻዬን እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ለእያንዳንዱ እርሻ አንድ ቀን ብቻ እንደሚደርሰኝ ነገሩኝ። እችላለሁ አልኩ።

ከዝርዝሩ አራተኛዋ ሐጃ ሳፊያ ነበሩ። ከካላክላ ደቡብ፣ ከወንዙ ራቅ ያለ መሬት ላይ ለከብት የሚሆን ሣርና ባሚያ የሚያለሙ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ያሉ ሴት ናቸው። የናፍጣ ፓምፓቸው በቀን ሁለት ሰዓት ብትሠራ ነው። ከሳቸው አጥር ወዲያ ያለውን ቁራሽ መሬት የተከራዩት ደግሞ የአገሬ ሰው ጋሽ መኮንን ነበሩ።

ጋሽ መኮንን የጎንደር ሰው ናቸው። ካርቱም ከኔ በፊት ነው የገቡት። ቃሪያና ጎመን እያለሙ ለሐበሻ ምግብ ቤቶች ያስረክቡ ነበር። ጉድጓዳቸውን በገዛ እጃቸው ነው የቆፈሩት፤ በመዘውር ባልዲ እያወጡ በመርጫ ያጠጣሉ። ዓርብ ዓርብ እየሄድኩ ቃሪያ እገዛቸው ነበር። እሳቸው ሁልጊዜ ከተመዘነው በላይ አንድ እፍኝ ይጨምሩልኛል። ፋሲካቸው ሲሆን ዳቦ ይልኩልኛል፣ ዒዴ ሲሆን ሥጋ እልክላቸዋለሁ።

ሐጃ ሳፊያ ጋ ጠዋት ደረስኩ። ውሃውን ቀመስኩ፣ ጨው የለውም። ገመድ አወረድኩ፣ ውሃው ብዙ ነው። ፓምፑን ግማሽ ቀን ማስጎተት፣ ከዚያ አጥፍቶ መጠበቅ ነበረብኝ። ፓኔል የጫነው የአህያ ጋሪ፣ ካሮው፣ ግን ቆሟል፣ ባለ አህያው ያላ ያላ ይላል፣ ሐጃ ሳፊያ ፓኔሎቹን ለልጆቻቸው በስልክ እያሳዩ ናቸው። የናፍጣ በርሜላቸውን ብከፍተው ባዶ ነው። ያለ ናፍጣ ፓምፑን ማስጎተት አይቻልም፤ ናፍጣ ፍለጋ ከተወጣ ደግሞ ቀኑ ያልቃል። ውሃው ብዙ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩትና ባለ ብሎኑን ገመድ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ከተትኩት።

ብረቱን ስናቆም ጋሽ መኮንን በእሾህ አጥሩ በኩል መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሐጃን ሰላም አሉና ወደኔ ዞሩ።

“ሰዓዳ፣ ይኼ ነገር የኔን ውሃ አይስብብኝም?”

“አይነካም ጋሽ መኮንን” አልኳቸው። “የርስዎ ውሃ በሌላ መስመር ነው የሚመጣው።”

ከየት እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። ማንም ሳይለካ አያውቀውም። ያንን ቃል ያናገረኝ ቱታው ነው፣ መሰለኝ።

“አንቺ ካልሽ እሺ” አሉና ብረቱን ሊያግዙን ገቡ።

ከሰዓት በኋላ ብርድ ልብሱን ከፓኔሎቹ ላይ ሳነሳ ቱቦው መጀመሪያ አየር ተነፈሰ፣ ከዚያ ጭቃማ ውሃ፣ ከዚያ የጠራ ውሃ እንደ ክንድ ወፍሮ ወጣ። ሐጃ ሳፊያ እልል አሉ። ጎረቤት ሴቶች ሁሉ መጡ። ሐጅ ዑስማን ራሳቸው በመኪና ደርሰው ስለነበር በሰው ሁሉ ፊት ባሽሙሀንዲሳ ብለው ጠሩኝ፤ እሳቸው እንደዚያ ብለው ሲጠሩኝ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ቀልድም አልነበረውም። ጋሽ መኮንን እያጨበጨቡ ነበር። ስሄድ አንድ ኩርቱ ቃሪያ በእጄ አስያዙኝ።

አሁን ሳስበው ነገሩ የተሰወረ አልነበረም። ናፍጣ ውድ ስለሆነ ፓምፑ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ያርፋል፤ ጉድጓዱም ያርፋል። ፀሐይ ግን ከጠዋት እስከ ማታ በነፃ ትሠራለች። ሐጃ ሳፊያ ሣሩን እጥፍ አደረጉት። ውሃው በቦዩ ሞልቶ መንገድ ላይ ሲፈስ የሚያጠፋው አልነበረም፤ ምን ሊጎዳ?

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቼ ቃሪያ ልገዛ ዓርብ ሄድኩ። የቃሪያው ቅጠል ተኮራምቷል። የጋሽ መኮንን ባልዲ ግማሹ ጭቃ ነው። ምን ሆኖ ነው ስላቸው በጋው ነው አሉኝ፤ በየዓመቱ በዚህ ወቅት ይወርዳል፣ ይመለሳል። እኔም በጋው ነው አልኩ። እንዲሆንልኝ የምፈልገው እሱ ነበርና ሁለተኛ አልጠየቅሁም። ገመዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም።

በሚቀጥለው ወር ስሄድ ቃሪያ የለም። ጋሽ መኮንን ጉድጓዳቸውን እንደገና ሊያጠልቁት ሞክረው አሸዋ ላይ ደርሰው ትተውታል። ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩ። ደረቅ መሬት ሲመታ ሰማሁ። እሳቸው ጎመኑን ነቅለው በማዳበሪያ ከረጢት እየከተቱ ነበር። ሁለታችንም ስለ ሐጃ ሳፊያ ፓምፕ አላነሳንም። ከአጥሩ ወዲያ ውሃው ሲፈስ ይሰማል።

ለኡስታ ኢድሪስ ሳልነግራቸው አንድ ሳምንት አለፈ። ለመንገር እየሄድኩ ከደጃፋቸው ተመልሻለሁ። በመጨረሻ ስነግራቸው ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው የዚያኑ ዕለት አብረን ወጣን። ኡስታ ኢድሪስ በሐጃ ሳፊያ ጉድጓድ አጠገብ ጄሪካን ላይ ተቀመጡ። ገመዱን እሳቸው ስለማያዩ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ስተክል ከለካሁት እጅግ ወርዷል። ፊታቸውን ወደ ጉድጓዱ እንዳደረጉ ጠየቁኝ።

“መጀመሪያ ስትሞክሪው ፓምፑን ካጠፋሽ በኋላ ውሃው በስንት ሰዓት ተመለሰ?”

“አልሞከርኩትም” አልኩ።

ገመዱን ከእጄ ተቀብለው በመዳሰስ መጠቅለል ጀመሩ። በሀፍላ፣ በከተማ አውቶቡስ፣ ተመለስን። ካላክላ ስንወርድ ክንዴን ይዘው ቆሙና፣ “ሰዎቹ የሚገዙት አንቺን አምነው ነው” አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ብቻዬን ሐጃ ሳፊያ ጋ ሄጄ ፓምፑን ከዙሁር በኋላ እንዲያጠፉት ለመንኳቸው። ማጥፊያውን ራሱ በሰዓት የሚዘጋ አድርጌ በነፃ ልሠራላቸው አልኩ። እሳቸው ሻይ አቅርበውልኝ አዳመጡኝ። ከዚያ በዕርጋታ መለሱልኝ።

“ሰዓዳ፣ ቤቴ የመጣሽው ፀሐይ በነፃ ናት ብለሽ ነው። ዛሬ ደግሞ ፀሐይዋን ቆጥበሽ ተጠቀሚ ትይኛለሽ። የቱን ልመን?”

ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ሣሩን ሽጠው የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ይከፍሉ ነበር። እኔ የነገርኳቸውን አምነው የሠሩትን በምን አፌ ልንቀፍባቸው? ወር ሳይሞላ ግን የራሳቸው ፓምፕ አየር መሳብ ጀመረና ራሳቸው ደወሉልኝ። ያን ጊዜ ኡስታ ኢድሪስ በሙሉ ዓይናቸው መጥተው ሁለት ቀን ሙሉ ለኩ። የውሃ ታንከር አቆምን፤ ፓምፑ ታንከሩ ሲሞላ ራሱ እንዲቆም አደረግን። ሐጃ ሳፊያም ከታንከሩ ወደ ጋሽ መኮንን መሬት ቱቦ እንዲዘረጋ ፈቀዱ፤ ግማሹን ቱቦ ራሳቸው ገዙ። ቱቦውን እየቀበርኩ እስከ እሾህ አጥሩ ደረስኩ። ከአጥሩ ወዲያ አንድ የማላውቀው ሰው ጡብ እያራገፈ ነበር። የተከራየው በዚያው ሳምንት እንደሆነ ነገረኝ። የቃሪያው ሐበሻስ አልኩት። ቀደም ብሎ እንደሄደ ነገረኝ፤ ወዴት እንደሆነ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ሳልፈትሽ የተከልኩት አንድ ፓምፕ የለም። ናፍጣ በጄሪካን ራሴ ተሸክሜ እሄድ ነበር። ከአጥር ወዲያ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ እየዞርኩ እለካ ነበር። አንዳንዱን እርሻ ይኼ ጉድጓድ ሶላር አይችልም፣ ትንሽ ፓምፕ ይበቃችኋል ብዬ መለስኩ። ሐጅ ዑስማን ገበያ አባረርሽብኝ ብለው ተበሳጩ፤ እውነታቸውን ነው፤ ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሱቅ ሄደው ትልቁን ፓምፕ ተክለዋል። ጋሽ መኮንንን የአገር ሰው ሁሉ ጋ ጠየቅሁ። አንዱ ገዳሪፍ ናቸው አለ፣ አንዱ አገራቸው ገቡ አለ።

ጦርነቱ ሲመጣ ሱቁ ተዘረፈ፤ ሐጅ ዑስማን በቤተሰባቸው ወደ ውጭ ወጡ። እኔ ገዳሪፍ ሄድኩ፤ እዚያም ያገኘሁትን ፓምፕ እየጠገንኩ ቆየሁ። ኡስታ ኢድሪስ ከካላክላ አልወጣም ብለው ቀሩ። የስኳር መድኃኒታቸው አልቆባቸው መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከወራት በኋላ ነው። ሰፈሩ መብራትና ውሃ አጥቶ በነበረ ጊዜ ከአንድ መስጊድ ጣሪያ ላይ ፓኔል አውርደው ለአንድ ጉድጓድ ገጥመው ብዙ ሰው ያጠጡ እንደነበር ልጃቸው ነግራኛለች። ለወረፋው ሰዎች ውሃ የሚቀዳበትን ሰዓት ወስነው፣ ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ እንዲያርፍ ያደርጉ ነበር አለች። ተሰልፈው የቆሙ ሰዎች ሲሳደቡ ጄሪካናቸው ላይ ተቀምጠው ውሃው እስኪመለስ ይጠብቁ ነበር።

ስመለስ ካርቱም ሁሉ ሶላር ሆኖ አገኘኋት። መብራት ኃይል የሚጠብቅ የለም። ፓኔል እንደ ሐብሐብ በካሮ ይሸጣል፤ ድሮ ለአንድ እርሻ በሬ ያስሸጥ የነበረው ዛሬ ለማንም ይደርሳል። ይኼን ነበር ዕድሜዬን ሙሉ ስመኝ የነበረው። ሻጩ ግን ጉድጓዱን ሳያይ በስልክ ይሸጣል፣ ገበሬው ራሱ ይገጥመዋል። ሐጃ ሳፊያ ጋ ሄጄ ነበር፤ ከጦርነቱ ተርፈዋል፣ ፓኔሎቹ ግን ተነቅለው ብረቱ ብቻ ቆሟል። ሣር የለም። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃው ሞልቶ አየሁት።

ጋሽ መኮንንን ያገኘኋቸው ሥራ ካቆምኩ በኋላ ነው። ጀሪፍ ለለቅሶ ሄጄ ስመለስ ሀፍላ ልይዝ ከቆምኩበት አጠገብ መሬት ላይ ማዳበሪያ ዘርግተው ቃሪያ የሚሸጡ ሽማግሌ አየሁ። የሚጸልዩ ይመስል አቀርቅረው ቃሪያውን በየመጠኑ ይለያሉ። ስማቸውን ስጠራ ቀና ብለው ወዲያው ለዩኝ፣ ተነሥተው ሳሙኝ። ወንዙ ዳር ቁራሽ መሬት አግኝተዋል፤ ውሃውን ከወንዙ በአህያ ካሮ ነው የሚያመጡት።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለዓመታት ያዘጋጀሁትን ንግግር ሁሉ ረሳሁት። ያልለካሁትን ነገርኳቸው። አይነካም ያልኳቸውን ሳላውቅ እንዳልኩ ነገርኳቸው። በጋው ነው ሲሉኝ አምኜ ሳይሆን ማመን ፈልጌ እንደሄድኩ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ቃሪያቸውን መለየት አላቆሙም።

“አውቄው ነበር” አሉኝ።

“ምኑን?”

“በሦስተኛው ቀን ገመዱ አጠረኝ። በአምስተኛው ቀን ሌላ ገመድ ቀጠልኩበት። የሴትዮዋ ፓምፕ እንደሆነ ወዲያው ነው ያወቅሁት።”

በሦስተኛው ቀን ቢነግሩኝ ኖሮ ፓምፑን በትንሽ መቀየር ይቻል ነበር፤ ማኅበሩ ገና አልተረከበም፣ ሐጃም ተጨማሪውን ሣር አልዘሩም ነበር። ይኼን ሁሉ አሰብኩና አንዱን ብቻ ጠየቅሁ።

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ጋሽ መኮንን?”

የያዙትን ቃሪያ አስቀመጡ። መልሱን ሊነግሩኝ ያፈሩ ይመስሉ ነበር።

“ውሃው የወጣ ለት ፊትሽን አይቼው ነበር” አሉ። “ደስ ብሎሽ ነበር።”

ውሃውን በካሮ ከሚያመጡ ትንሽ ፓምፕ ልግጠምልዎ ብላቸው ወንዙ ቅርብ ነው፣ አልፈልግም አሉኝ። ቃሪያ ገዛኋቸው፤ እፍኝ ጨመሩልኝ።

በሀፍላው መስኮት በኩል ተቀምጬ እስከ ካላክላ ድረስ እርሻዎቹን አንድ በአንድ አስታወስኳቸው። ሁሉንም አስታውሳለሁ፤ የሴቶቹን ስም፣ የፍየሎቻቸውን ቁጥር፣ ብርድ ልብሱ ምን ዓይነት እንደነበር። በየእርሻው ውሃው ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። በየእርሻው ከአጥር ወዲያ ቆሞ የሚያጨበጭብ ጎረቤት ነበር። ከጋሽ መኮንን በፊት የተከልኳቸው ብዙ ናቸው፤ ኡስታ ኢድሪስ ያልነበሩባቸውም አሉ። ዛሬ እነዚያን ጎረቤቶች ሄጄ ልጠይቅ ብል ጦርነቱ በትኗቸዋል። ባገኛቸውም እንደ ጋሽ መኮንን ላይነግሩኝ ይችላሉ፤ ፊቴን አይተውታልና።